አልጋ አንጣፊዋ የት ትደር?

«ቤቱ የራሴ ነው። ለወደድኩት ሰው፣ በወደድኩት ዋጋ፣ ለወደድኩት ቀን ያህል ባከራየው መንግሥትን ምን አገባው?» የሚለው ሙግት ለአዲስ አበባ ነዋሪ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ይኸው ሙግት ከሩቅ አገር፣ ከሃዋይ ደሴቶች አንዷ ከሆነችው ከማዊ ሲመጣ ግን ካባ ደርቦ ነው። «ለእኔ ለባለቤቱ ሳይሆን ለደሃው ስትሉ ተዉኝ» ይላል። ቱሪስት በአዳር የሚከራየው የግል ቤት ከተከለከለ ቱሪስቱ ይቀራል፤ ቱሪስቱ ከቀረ አጽጂው፣ አስተናጋጁና ሾፌሩ ሥራ ያጣሉ፤ እንግዲህ ሕጉ ደሃውን እጠቅማለሁ ብሎ ደሃውን ገደለ ማለት ነው፤ ይሉናል። እኛም ዘንድ በአስጎብኚነትና በሆቴል ሥራ ከተሰማሩ ወዳጆቼ መካከል ይህን ሙግት እንደ ወረደ ተቀብለው የሚያስተጋቡ አጋጥመውኛል።

እኔ አልቀበለውም። የማልቀበለውም ቱሪስት ስለምጠላ ወይም ንብረት ማፍራትን እንደ ኃጢአት ስለምቆጥር አይደለም። ሙግቱ ራሱ በሚጠቅሰው ቁጥር ላይ ቢመዘን ስለማይቆም ነው። አንባቢ ፍርዱን ከመስጠቱ በፊት ግን ነገሩን ከሥሩ ማወቅ ይገባዋልና ከዚያ ልጀምር። ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ነገሩ ከየት ተነሣ?

ማዊ በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል የምትገኝ ደሴት ናት። በ2020 በተደረገው ቆጠራ ሕዝቧ 154,000 ያህል ነበር። ከኮቪድ ወረርሽኝ በፊት በነበረው በ2019 የጎበኛት ሰው ግን 3 ሚሊዮን ገደማ ነው። ለአንድ ነዋሪ በዓመት ሃያ እንግዳ ደረሰው ማለት ነው። ደሴቷ በዱሮው ጊዜ በሸንኮራ አገዳና በአናናስ እርሻ የምትታወቅ ነበረች። ቱሪዝም ዋና እንጀራዋ ከሆነ ቆይቷል፤ የመጨረሻው የስኳር ፋብሪካዋ በ2016 ሲዘጋ ደግሞ የአሮጌው ዘመን ምዕራፍ ተጠናቀቀ።

ወደዚች ደሴት የሚመጣው እንግዳ የሚያርፈው በሆቴል ብቻ አይደለም። በኤርቢኤንቢና በመሰል ድርጅቶች በኩል በአዳር የሚከራዩ የኮንዶሚኒየም ክፍሎች በሺህ ይቆጠራሉ። ከእነዚህ መካከል ጠቡ የተነሣው 7,000 በሚሆኑት ላይ ነው። እነዚህ ክፍሎች ያሉባቸው ሕንፃዎች የቆሙት የከተማው ፕላን ለመኖሪያ አፓርታማ ባለው ቦታ ላይ ነው፤ ለሆቴል አይደለም። ታዲያ እንዴት የእንግዳ ማረፊያ ሆኑ ቢባል፣ በ2001 ሚናቶያ የተባለ የካውንቲው የሕግ ባለሙያ አንድ የሕግ አስተያየት ጻፈ። በ1989 ሕጉ ከመጥበቁ በፊት የተፈቀዱ ሕንፃዎች በአዳር ማከራየታቸውን ሊቀጥሉ ይችላሉ የሚል ነበር። ይኸው በኋላ በካውንቲው ደንብ ጸና። እስከ ዛሬም ክፍሎቹ የሚታወቁት «የሚናቶያ ዝርዝር» በሚል ስም ነው። መኖሪያ ተብሎ የተሠራ ቤት፣ በአንድ የጽሕፈት ቤት ወረቀት መንገዱ ተጠርጎለት፣ ሆቴል ሆነ።

ይህ ሁሉ ለብዙ ዓመት የሕግ አዋቂዎች ጨዋታ ነበር። ጨዋታነቱ ያበቃው ነሐሴ 8 ቀን 2023 ነው። በዚያን ዕለት የተነሣው ሰደድ እሳት ላሃይናን፣ በአንድ ወቅት የሃዋይ ነገሥታት መናገሻ የነበረችውን ከተማ፣ አወደማት። 102 ሰው ሞተ። ከ2,000 በላይ ሕንፃ አመድ ሆነ። 12,000 ያህል ሕዝብ መጠለያ አጣ።

ከእሳቱ የተረፈው ሰው በየሆቴሉ እንዲያርፍ ተደረገ። ይህ ደግ ሥራ ነበር። ነገር ግን እሳቱ ከጠፋ ሁለት ወር ብቻ ቆይቶ፣ ጥቅምት 8 ቀን፣ የምዕራብ ማዊ በር ለቱሪስት ተከፈተ። ይቆየን፣ ሬሳችንን ቀብረን አልጨረስንም የሚል አቤቱታ ከ10,000 በላይ ፊርማ ተሰብስቦበት ነበር፤ የሰማው የለም። ተፈናቃዩ ከአንዱ ሆቴል ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እየተባለ ሻንጣውን ሲጎትት፣ በዚያው አካባቢ በሺህ የሚቆጠሩ፣ ወጥ ቤትና ሳሎን ያላቸው፣ መኖሪያ ተብለው የተሠሩ ክፍሎች በአዳር ይከራዩ ነበር። መንግሥት ለተፈናቃዮቹ ቤት ልከራይ ብሎ ከፍ ያለ ዋጋ ማቅረቡም ሌላ መዘዝ አመጣ። አንዳንድ አከራዮች የቀድሞ ተከራያቸውን አስወጥተው የመንግሥቱን ዋጋ ተቀበሉ። «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» ማለት ይኸው ነው። በአንዱ ተፈናቃይ ቤት ለማግኘት ሌላው ተፈናቀለ።

በኅዳር ወር 2023 «ላሃይና ስትሮንግ» የተባለው የነዋሪዎች ስብስብ አንድ ብልሃት ፈጠረ። ካአናፓሊ በተባለው፣ ትልልቆቹ ሆቴሎች በተደረደሩበት የባሕር ዳርቻ፣ የዓሣ ማጥመጃ ዘንጎቹን አሸዋው ላይ ተክሎ ድንኳኑን ዘረጋ። በሃዋይ ሕዝብ በባሕር ዳር ዓሣ የማጥመድ መብት አለውና ዘንግ የያዘን ሰው ሂድ የሚለው አይኖርም። ዓሣ እያጠመዱ ቤት ጠየቁ። ወራት ተቀመጡ። ፀሐይ ሊሞቅ የመጣው እንግዳ ቤቱ የተቃጠለበትን ሰው አጠገቡ አየው። እኔ በቅርብ ዓመታት ከሰማኋቸው የተቃውሞ ዓይነቶች እንደዚህ ያለ ጨዋነትና ብልሃት የተዋሐደበት አላጋጠመኝም።

በግንቦት 2024 አገረ ገዥው ጆሽ ግሪን ካውንቲዎች የአዳር ኪራይን እንዲቆጣጠሩና ከፈለጉም ቀስ በቀስ እንዲያስቀሩ ሥልጣን የሚሰጥ ሕግ ፈረሙ። የማዊ ከንቲባ ሪቻርድ ቢሰንም የሚናቶያ ዝርዝር እንዲሠረዝ ሐሳብ አቀረቡ። ረቂቁ «ቢል 9» ተባለ። ከብዙ ሙግት በኋላ በታኅሣሥ 2025 በምክር ቤቱ ጸደቀ። እሳቱ በነካው በምዕራብ ማዊ እስከ 2028 መጨረሻ፣ በቀረው የደሴቷ ክፍል እስከ 2030 መጨረሻ ጊዜ ተሰጥቷል።

የግማሽ ገጽ አንባቢዎች

የሕጉ ተቃዋሚዎች የሚመኩበት ትልቁ ሰነድ የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚ ምርምር ድርጅት በመጋቢት 2025 ያወጣው ጥናት ነው። ጥናቱ የረባ ነው፤ አላጣጥለውም። ሕጉ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ቢውል የእንግዳ ማረፊያ ክፍል በሩብ ያህል ይቀንሳል፤ የጎብኚ ወጪ በ15 በመቶ፣ ማለትም በዓመት 900 ሚሊዮን ዶላር ያህል ይወርዳል፤ 1,900 ያህል የሥራ ቦታ ይጠፋል፤ የካውንቲው የንብረት ግብር ገቢ በ2029 እስከ 60 ሚሊዮን ዶላር ሊጎድል ይችላል ይላል። ተቃዋሚዎቹ እዚህ ላይ ሲደርሱ ገጹን ያጥፋሉ።

ያ ጥናት ግን ቀሪ ግማሽ አለው። የነዋሪው የቤት ክምችት በ13 በመቶ ያድጋል፤ ይህም በአሁኑ የግንባታ ፍጥነት የአሥር ዓመት ሥራ ነው ይላል። የኮንዶሚኒየም ዋጋም ከ20 እስከ 40 በመቶ ሊወርድ ይችላል ይላል። ለመሆኑ ይህን ግማሽ ማን ደበቀው? የአሥር ዓመት ግንባታ ያለ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ በአምስት ዓመት ውስጥ የሚያስገኝ ሌላ ምን መላ አለ? ያለው ካለ ያውጣውና እንየው።

ይልቁንም የሚያስቀው የዋጋው ነገር ነው። ተቃዋሚዎቹ «ዋጋ ይወርዳል» የሚለውን ሐረግ እንደ መርዶ ያነቡታል። ለማን ነው መርዶ የሆነው? ክፍሉን ለትርፍ ገዝቶ ሌላ ግዛት ለተቀመጠው ሰው ነው። ከዝርዝሩ የአብዛኛው ክፍል ባለቤት የደሴቷ ነዋሪ አይደለምና። በላሃይና ሃያ ዓመት አስተምራ ቤት መግዛት ላቃታት መምህርት፣ በሆስፒታል ለምትሠራ ነርስ፣ ለእሳት አደጋ ሠራተኛው ግን ያው ሐረግ የምሥራች ነው። አንድ ቁጥር ለአንዱ ሐዘን ለሌላው ደስታ ሲሆን፣ ሐዘኑን ብቻ «ኢኮኖሚ» ብሎ መጥራት ሳይንስ አይደለም፤ ወገንተኝነት ነው።

900 ሚሊዮን ዶላሩንም እንየው። ጎብኚ አወጣ ማለት ደሴቷ አገኘች ማለት አይደለም። እንግዳው ለአዳር የሚከፍለው ገንዘብ ባለቤቱ በሚኖርበት ከተማ ባንክ፣ በኢንተርኔቱ ድርጅት የኮሚሽን ሣጥን፣ በቤት ብድር ወለድ ውስጥ ይገባል። ደሴቷ ላይ የሚቀረው ያጸዳችው ሴት ደመወዝ፣ የጠገነው ሰው ዋጋና ግብሩ ነው። ይህ ትንሽ ነው አልልም፤ 1,900 ሥራ የ1,900 ቤተሰብ እንጀራ ሊሆን ይችላልና የሚቀለድበት ጉዳይ አይደለም። ነገር ግን ከጠፋው ጎን የተገኘው ካልተጻፈ ሒሳቡ ሒሳብ አይደለም። የግማሽ ደመወዟን የቤት ኪራይ የሚወስድባት አጽጂ ኪራይ ቢቀንስላት ያተረፈችው ገንዘብ በየትኛውም የጎብኚ ወጪ ሰንጠረዥ ውስጥ አይታይም። ኪሷ ውስጥ ግን አለ።

ደሴት ዳር የለውም

ነገሩ ደሴት ላይ መሆኑን የሚዘነጋ ሰው ምንም አልገባውም። አዲስ አበባ ላይ ኪራይ የከበደው ሰው ወደ ዳር ይወጣል። ከመሐል ወደ አያት፣ ከአያት ወደ ለገጣፎ። መንገዱ ይረዝምበታል፣ ታክሲ ይለዋውጣል፣ ይሁንና ሥራውንም፣ ዕድሩንም፣ የልጁን ትምህርት ቤትም እንደ ምንም ይዞ ይዘልቃል። የደሴት ዳሩ ባሕር ነው። ከማዊ የተገፋ ሰው የሚቀጥለው ማረፊያው አውሮፕላን ነው።

ሃዋይያን ላስ ቬጋስን «ዘጠነኛዋ ደሴት» ይሏታል። ከስምንቱ ደሴቶቻቸው ኑሮ አስወድዶ ያባረራቸው ብዙዎች በረሃ መሐል ባለችው በዚያች የቁማር ከተማ ስለሰፈሩ ነው። የ2020 ቆጠራ እንዳሳየው ከሃዋይ ነባር ተወላጆች የሚበልጡት የሚኖሩት ከሃዋይ ውጭ ነው። የአገሩ ልጅ በአገሩ አናሳ መሆኑ ሳያንስ፣ ከአገሩ ውጭ ያለው በአገሩ ካለው በለጠ። እንግዲህ ቱሪስቱ ሊያየው የመጣው «የሃዋይ መንፈስ» የሚባለው ነገር በማን ላይ አድሮ ሊቆየው ነው?

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ይላል ያገሬ ሰው። የማዊ አልጋ አንጣፊ የራሷ በእሳት አረረባት፤ በማግሥቱ የሰው አልጋ ልታነጥፍ ገባች። የሠራተኛ እጥረት አለብን የሚሉት ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች፣ እጥረቱ ከሰማይ የወረደ ይመስላቸዋል? ሠራተኛው ማደሪያ አጥቶ ሄዶ ነው። ስለዚህ የአዳር ኪራይን መገደብ የቱሪዝም ጠላት የሚሆንበትን ምክንያት አላይም። ቱሪዝሙ የቆመበትን ሰው ደሴቷ ላይ ማቆየት ነውና ለቱሪዝሙም ጥበቃ ነው። እንግዳ ተቀባይ የሌለበት ቤት የእንግዳ ቤት አይባልም።

ከሜዲትራንያን የሚገኝ ትምህርት

«እሺ፣ ይህ ሁሉ ቃል ነው፤ ከልክሎ የተጠቀመ አሳየን» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው። የስፔይኗ ፓልማ፣ የማዮርካ ደሴት ዋና ከተማ፣ በ2018 በአፓርታማ ሕንፃዎች ውስጥ ያለ ክፍልን ለቱሪስት ማከራየትን በመላው ከተማ ከለከለች። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2023 ክልከላውን አጸናው። በዚያን ጊዜም «ደሴቷ ልትሞት ነው» ተብሎ ነበር። ማዮርካ ያለችበት የባሌአሪክ ደሴቶች በ2018 ከ16 ሚሊዮን በላይ ጎብኚ አስተናገዱ፤ በ2024 ደግሞ ከ18 ሚሊዮን በላይ። ሟቿ እንዲህ ከሆነች ሕያዋኑ ምን ይሁኑ?

እዚህ ላይ ግን ነገሬን በሐቅ ልጨርስ። የፓልማ የቤት ኪራይ አልወረደም፤ መናሩን ቀጠለ። በ2024 በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በፓልማ አደባባይ ወጥቶ መኖሪያ አጣን ሲል ጮኸ። በጎረቤቷ በኢቢዛ የሆቴል ሠራተኞች በመኪናና በድንኳን ያድራሉ። ምክንያቱ አይሰወርም። በድብቅ የሚያከራየው ሞልቷል፤ የሰሜን አውሮፓ ሀብታም በዓመት ጥቂት ሳምንት ሊኖርበት ቤት ይገዛል። በተጨማሪም ፓልማ በአብዛኛው ያደረገችው አዲስ እንዳይገባ በር መዝጋት ነው፤ ማዊ ግን ያለውን ነው የምትመልሰው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ከፓልማ የምማረው ሁለት ነገር ነው። ክልከላ ቱሪዝምን አይገድልም። ክልከላ ብቻውንም ቤት አይሰጥም።

ወገኖቼንም ልንካ

ይህን ካልኩ ዘንድ ከእኔ ጎን የቆሙትን ዝም ብዬ ባልፍ አድልዎ ይሆንብኛል። አንደኛ፣ ቢል 9 ሲጸድቅ ደስ ካላቸው መካከል ትልልቆቹ ሆቴሎች እንዳሉበት ማንም አይሳተው። ተወዳዳሪ ሲቀንስ የክፍላቸው ዋጋ ከፍ ይላል። እነርሱም ትርፋቸውን የሚልኩት ከደሴቷ ውጭ ነው። ሕጉን ደግፎ ሆቴሎቹን ግብርና ደመወዝ አለመጠየቅ ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው መዞር ነው።

ሁለተኛ፣ በዝርዝሩ ውስጥ ያሉት አንዳንድ ሕንፃዎች አሮጌ ናቸው፤ ባሕሩ መሠረታቸውን እየበላ ነው፤ የወር የጋራ መዋጮአቸው ለአንድ ተራ ቤተሰብ ከኪራይ አይተናነስም። ተቃዋሚዎቹ «ይህ ለነዋሪ አይሆንም» ሲሉ በእነዚህ ላይ እውነት አላቸው። ነገር ግን ምክር ቤቱ ያቋቋመው ጊዜያዊ ቡድን በዚህ ምክንያት ወደ 4,500 ለሚጠጉ ክፍሎች አዲስ የሆቴል ምድብ ይሰጣቸው የሚል ሐሳብ አቀረበ። ከ7,000 ላይ 4,500 ሲቀነስ የሚቀረውን አንባቢ ያስላው። ሕግ አውጥቶ በጓሮ በር መልሶ ማፍረስ ማለት ይኸው አይደለምን? የማይመች ሕንፃ ካለ አንድ በአንድ ይመርመር፤ አለመመቸቱንም የሚያስረዳው ባለቤቱ ይሁን።

ሦስተኛ፣ አንዲት ክፍል አከራይታ በእርጅናዋ የምትተዳደር የደሴቷ ተወላጅ፣ ወይም እነዚህን ክፍሎች በማጽዳት ብቻ የምትኖር ስደተኛ፣ በሕጉ ስም የሚረሱ ሰዎች አይደሉም። የተሰጠው የእፎይታ ጊዜ ለባለቤቱ ብቻ ከሆነ ግፍ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሠራተኛው ሌላ ሥራ እንዲያገኝ ካልታገዘ ተቃዋሚዎቹ «ብለን ነበር» ይላሉ፤ እውነትም ይሆንላቸዋል።

አራተኛ፣ ከአዳር ኪራይ የወጣው ክፍል ባዶውን ተቆልፎ የሀብታም መዝናኛ ከሆነ ሕጉ ከንቱ ነው። ማዊ ለነዋሪ በረዥም ጊዜ ውል የሚያከራይ ባለቤት ዝቅ ያለ ግብር እንዲከፍል የሚያደርግ ደንብ አላት። ይህ መልካም ነው። በዚያው ልክ ባዶ የተቆለፈው ቤት ግብር እንዲያም ሲል ይክበድ። የጎደለው 60 ሚሊዮን ከየት ይምጣ ለሚል ጥያቄ አንዱ መልስ ከዚያ ነው።

የንብረት መብት ነገር

በመጨረሻ ወደ መጀመሪያው ሙግት ልመለስ፤ «ቤቱ የእኔ ነው» ወደሚለው። ይህን ሙግት የያዙ ጠበቆች ተስፋ የሚያደርጉበት አንድ ፍርድ አለ። በጎረቤቷ በኦዋሁ ደሴት፣ ሆኖሉሉ በ2022 ትንሹን የኪራይ ጊዜ ከ30 ወደ 90 ቀን ከፍ ስታደርግ የፌዴራል ፍርድ ቤት አገዳት። ስለዚህ ማዊም ፍርድ ቤት ትቆማለች ይላሉ። ትቁም። ፍርድ ቤት የሚያየውን ያይ።

ከፍርድ ቤት ውጭ ላለነው ግን ነገሩ ቀላል ነው። ባለቤቱ ቤቱን አልተቀማም። ሊኖርበት ይችላል። ሊሸጠው ይችላል። ለልጁ ሊያወርሰው ይችላል። በዓመት ውል ሊያከራየው ይችላል። የተከለከለው አንድ ነገር ነው፤ ለመኖሪያ በተመደበ ቦታ ላይ ሆቴል መክፈት። በመኖሪያ ሰፈራችን መካከል ጎረቤታችን ወፍጮ ቢተክል «ቤቱ የራሱ ነው» ብለን ዝም እንላለን? አንልም። ወፍጮው ቢያንስ በጩኸቱ ያስታውቃል። የአዳር ኪራይ ድምፅ የለውም። በጸጥታ፣ በአንድ ተከራይ ቦታ አንድ ሻንጣ ያዥ እየተካ፣ አንድ ቀን ሰፈሩ ሰው የሌለበት ሰፈር ሆኖ ይገኛል።

ቁጥር ወዳዶች ሆይ፣ በጎብኚ ብዛትና ወጪ ብቻ የምትመዘን ደሴት ገበያ እንጂ አገር አትባልም። በ2029 መጀመሪያ፣ የምዕራብ ማዊ የጊዜ ገደብ ባለቀ ማግሥት፣ አንድ ቆጠራ እንዲደረግ እጠይቃለሁ። ስንት እንግዳ መጣ ብላችሁ ቁጠሩ፤ ግድ የለም። አያይዛችሁ ግን ይህንንም ቁጠሩ፤ ጠዋት የእንግዳውን አልጋ ልታነጥፍ ከምትገባው ሴት መካከል ስንቷ ማታውን እዚያችው ደሴት ላይ፣ በራሷ ስም በተፈረመ የኪራይ ውል፣ በራሷ አልጋ ላይ አደረች? መልሱን ይዛችሁ ስትመጡ ስለ ኢኮኖሚ እንነጋገራለን።